የጥብስ ቅጠልና የቆየ ሥጋ

ሥጋን ሳያበላሹ ማቆየት በኢትዮጵያ በደጋውም ሆነ በቆላው ጥንታዊ ሙያ ነው። በዓል ሲደርስ በቅርጫ የተከፋፈለው የበሬ ሥጋ በጥቂት ቀን ተበልቶ ስለማያልቅ፣ ባለሙያዋ እመቤት ቀዩን ሥጋ ከስቡ ለይታ በቀጭኑ ትዘለዝለዋለች፤ በጨውና በበርበሬ ወይም በሚጥሚጣ ታሸዋለች፤ በአንዳንዱም ቤት ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ይጨመርበታል፤ ከዚያም ነፋስ በሚያገኘውና ዝንብ በማይደርስበት ስፍራ በገመድ ላይ ትሰቅለዋለች። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሥጋው ደርቆ ሲጠነክር ቋንጣ ተብሎ ለመንገደኛ ስንቅ፣ ለዘማች ቀለብ፣ ለድንገተኛ እንግዳም ፍርፍር ሲሆን ኖሯል።

በከተማ ደግሞ ከዚህ የተለየ የቆየ ሥጋ ገብቶ ተለምዷል። ከጣልያኖች ሙያ ጋር የመጣው ሞርታዴላና ሳላሜ በአሥመራም በአዲስ አበባም የታወቀ ነው፤ አብዛኛው ክርስቲያንና ሙስሊም የዐሣማ ሥጋ ስለማይበላ ከበሬ ሥጋ የሚሠራው ሞርታዴላና ቋሊማም በየመደብሩ ይሸጣል። ሁለቱም ወገን የቆየ ሥጋ ይባል እንጂ የሚቆይበት ኃይል አንድ አይደለም። ቋንጣን የሚያቆየው ጨውና ድርቀት ነው። ቋሊማውንና ሞርታዴላውን ግን እርጥበቱን እንደ ያዘ የሚያቆየው፣ መልኩንም እንደ ጽጌረዳ የሚያቀላው ናይትራይት የተባለ ጨው ነው፤ ቀድሞ በአውሮፓ ለዚሁ ሥራ ለባሩድ የሚገባው ሳልፔትር ይጨመር ነበር፤ እርሱም በሥጋው ውስጥ ወደ ናይትራይት ይለወጣል።

በዚህ ዘመን በዓለም ገበያ አንድ ንግግር እየበዛ ሄዷል። ይኸውም፣ «ናይትራይት መርዝ ነው፤ የተፈጥሮ ቅጠል ሥራውን ሁሉ ሊሠራለት ይችላል» የሚል ነው። የንግግሩ ግማሽ እውነት ነው፤ በምግብ ነገር ግን ግማሽ እውነት ከሙሉ ሐሰት ይልቅ ሰውን ያዘናጋል። ዕፀዋት የቆየ ሥጋን ጉዳት በሁለት መንገድ ይቀንሳሉ፤ ይህም በምርመራ የተረጋገጠ ነው። ከሁሉ የከፋውን መርዝ ግን አይከለክሉም። ይህን ሳይለይ ናይትራይቱን የሚያወጣ ሥጋ ሠሪ ደንበኛውን ከሩቅ በሽታ አድናለሁ ብሎ ለቅርብ ሞት ሊያጋልጠው ይችላል።

ሥጋ የሚበላሸው ባክቴሪያ በሚባሉት በዓይን በማይታዩ ነፍሳት ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ባክቴሪያ ሊራባ በማይችልበት ደረቅ ሥጋ ውስጥ እንኳ ስቡ ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር እየተዋሐደ ይከረፋል። ነገሩ የሚሄደው እንደ ሰደድ እሳት ነው፤ አንዲት የስብ ቅንጣት በኦክሲጅን ስትነካ አጠገቧ ያለችውን ትለኩሳለች፣ እርሷም ሌላዪቱን፤ እንዲህ እየተዛመተ የሥጋውን ጣዕም ያመረዋል፣ ሽታውንም የሰነበተ ቅቤ ሽታ ያደርገዋል። በሥጋው ውስጥ ያለው ብረት፣ የቀን ብርሃን፣ ሙቀትና መፈጨት ይህን እሳት ያፋፍሙታል። ሥጋውን ከባክቴሪያ የሚጠብቀው ጨው ራሱ የስቡን መከርፋት ያፋጥናል፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። እመቤቲቱ ለቋንጣ ጮማውን ትታ ቀዩን የምትመርጠው እንግዲህ ያለ ምክንያት አይደለም።

አንቲኦክሲዳንት የሚባሉት ነገሮች በዚህ ሰደድ እሳት ፊት እንደ ተመነጠረ መሬት ይቆማሉ፤ የተለኮሰችው ቅንጣት ወደ ጎረቤቷ ከመዛመቷ በፊት እነርሱን አግኝታ ትበርዳለች። ፋብሪካዎች ለዚህ ሥራ ቢኤችኤ እና ቢኤችቲ የተባሉትን በኬሚ ጥበብ የተሠሩ ነገሮች ሲጠቀሙ ኖረዋል። ይህ ኃይል በቅመማ ቅመምም ውስጥ እንደሚገኝ በሥርዓት ከተፈተነ ግን ብዙ ጊዜ ሆኖታል። በ1952 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ክፍል የሆነው የሆርሜል ተቋም መርማሪዎች 32 ዐይነት ቅመሞችን በዐሣማ ስብ ላይ ፈትነው፣ ከሁሉ የበለጠ ኃይል ያገኙት በሁለት ቅጠሎች ነበር። አንዱ ሳልቪያ ነው። ሁለተኛው አውሮፓውያን ሮዝመሪ የሚሉት፣ በኢትዮጵያ ግን በየጓሮው የሚበቅለውና በየሥጋ ቤቱ ጥብስ ላይ የሚነሰነሰው የጥብስ ቅጠል ነው።

የቅጠሉ ኃይል የሚመጣው በተለይ ካርኖሲክ አሲድ፣ ካርኖሶልና ሮዝማሪኒክ አሲድ ከሚባሉት ነገሮች ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2010 ከዚህ ቅጠል ተጨምቆ የሚወጣውን ኢ 392 በሚል ቁጥር ከተፈቀዱት የምግብ ተጨማሪዎች መዝገብ አግብቶታል። ስለዚህ ዛሬ በአውሮፓ መደብር የሚሸጥ የቋሊማ እሽግ ላይ ይህን ቁጥር የሚያይ ሰው፣ በአዲስ አበባ አንድ እፍኝ በጥቂት ሳንቲም ይገዛ የነበረውን ቅጠል እያየ መሆኑን ላያስተውል ይችላል። የባልትና ሴቶችም ይህን ጉዳይ በሌላ መንገድ ያውቁታል። በኮሰረት፣ በኮረሪማና በእርድ የተነጠረ ቅቤ ወራት ሳይከረፋ ሲቆይ፣ አንዱ ምክንያት ውኃውና አሬራው መውጣቱ ነው፤ ቅመሙም የበኩሉን ይረዳል። ባለሙያዋ ምክንያቱን በኬሚ ቋንቋ ባትናገረውም ሥራውን አሳምራ ትሠራዋለች።

ዕፀዋት የሚሠሩት ሌላው ሥራ ከዚህ ይልቅ የሕዝብን ጤና የሚነካ ነው። ናይትራይት በሥጋ ውስጥ አሚን ከተባሉት ነገሮች ጋር በኃይለኛ እሳት ላይ ወይም በጨጓራ አሲድ ውስጥ ሲገናኝ ናይትሮዛሚን የሚባሉ ውሑዶች ይወለዳሉ። ከእነዚህ አንዱ በአይጥ ጉበት ላይ ዕጢ እንደሚያወጣ ማጊና ባርንስ የተባሉ ሊቃውንት በብሪታንያ በ1956 ገለጡ። ብዙ ሳይቆይ ከብት አርቢውን በቀጥታ የሚመለከት ማስረጃ ከኖርዌይ መጣ። በዚያ አገር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ከሄሪንግ ዓሣ የተሠራ የመኖ ዱቄት የበሉ የሚያመሰኩ እንስሳት፣ ለጠጕራቸውም የሚረቡት ትንንሽ አራዊት ጉበታቸው እየታመመ አለቁ። ሲመረመር ዓሣው እንዳይበላሽ ናይትራይት ተጨምሮበት ኖሯል፤ እርሱም በማድረቂያው ሙቀት ከዓሣው አሚን ጋር ተዋሕዶ ናይትሮዛሚን ሆኖ ተገኘ። ማቆያው ራሱ መርዝ ወልዶ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሊቃውንቱ ዓይን ሰው ወደሚበላው ሥጋ ዞረ።

በ2015 ዓ.ም. በፈረንሳይ በሊዮን ከተማ የሚገኘው የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ከ10 አገሮች የመጡ 22 ሊቃውንትን ሰብስቦ ከ800 የሚበልጡ ጥናቶችን ካስመረመረ በኋላ፣ በጨው፣ በናይትራይት፣ በጢስ ወይም በማብላላት የተዘጋጀ ሥጋ በሰው ላይ ካንሰር የሚያመጣ መሆኑን አስታወቀ፤ በየቀኑ 50 ግራም የሚበላ ሰው በትልቁ አንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድሉ በ18 በመቶ ይጨምራል። ይህን ቁጥር የሚሰማ ሁሉ በመጠኑ ሊያስበው ይገባል። ነገሩ በየቀኑ ለዘመናት ስለሚበላ ሰው ይናገራል እንጂ በወር አንድ ጊዜ በዳቦ መካከል ሞርታዴላ የቀመሰውን ለሞት አይዳርግም። ዳሩ ግን የከተማ ልጆች ቁርስ ወደ ቋሊማ እያዘነበለ ሲሄድ፣ በየቀኑ የሚለው ቃል ከአውሮፓ ሕዝብ ጋር ብቻ የሚቀር አይሆንም።

ናይትሮዛሚንን የሚያግደው መድኃኒት ከዕፀዋት ወገን ተገኘ። በ1972 በአሜሪካ በነብራስካ የሚሠሩት ሲድኒ ሚርቪሽና ባልንጀሮቻቸው ቫይታሚን ሲ ናይትራይቱን አሚኑ ሳይደርስበት ቀድሞ ይይዘዋል፣ ናይትሮዛሚኑም እንዳይወለድ ያግዳል ብለው አስረዱ። ይህ በመጽሔት ታትሞ የቀረ ነገር አልነበረም። የአሜሪካ መንግሥት በ1978 ባወጣው ደንብ፣ ቤከን የተባለውን የዐሣማ ሥጋ የሚሠራ ሁሉ ናይትራይቱን በሚሊዮን 120 ክፍል እንዲያደርገው፣ ከእርሱም ጋር በሚሊዮን 550 ክፍል ቫይታሚን ሲን ወይም የእርሱን ዘመድ እንዲጨምር አዘዘ። ቫይታሚን ሲ የሚሠራው በሥጋው ውኃ ውስጥ ነው፤ በስቡ ውስጥ ደግሞ ከቅባት እህሎች የሚገኘው ቫይታሚን ኢ ይረዳዋል። የጥብስ ቅጠል፣ የሻይ ቅጠልና የወይን ፍሬ ውስጥ ያሉት ፌኖል የተባሉ ነገሮችም በዚሁ መንገድ ናይትራይቱን እንደሚሻሙ ታይቷል።

ፋይቶሚ በሚል ስም በአውሮፓ የተካሄደውና የማስትሪኽት ዩኒቨርሲቲ የተሳተፈበት ምርምር ነገሩን ከላቦራቶሪ አውጥቶ በሰው ላይ ፈትኖታል። ውጤቱ በ2021 ሲታተም፣ ናይትራይቱ ተቀንሶ የዕፀዋት ጭማቂ የገባበትን ሥጋ የበሉ ሰዎች በአንጀታቸው የተፈጠረው የናይትሮዞ ውሑድ ተራውን ሥጋ ከበሉበት ጊዜ አንሶ ተገኝቷል። ይህ ምልክቱ መቀነሱን ያሳያል፤ በሽታው መቀነሱን ለማሳየት ግን ብዙ ዓመታት የሚፈጅ ክትትል ይጠይቃል። ነጋዴዎች ይህን ልዩነት በማስታወቂያቸው መዝለል ይወዳሉ።

እስከዚህ ያለው ሁሉ ለዕፀዋቱ ምስጋና ነው። አሁን ግን ናይትራይት ለምን ወደ ሥጋ እንደ ገባ መታወስ አለበት። በ1820ዎቹ በጀርመን አገር በቩርተምበርግ የነበረው ሐኪምና ባለ ቅኔ ዩስቲኑስ ኬርነር፣ የተበላሸ ቋሊማ የበሉ ሰዎች ዓይናቸው እየፈዘዘ፣ ጉሮሯቸው እየተዘጋ፣ በመጨረሻም ትንፋሻቸው እየተቋረጠ ሲሞቱ ተመልክቶ ምልክቱን በዝርዝር ጽፏል። በ1895 በቤልጅግ አገር በኤሌዜል መንደር ከቀብር መልስ በጨው የቆየ የዐሣማ ጭን የበሉ ሙዚቀኞች በዚሁ በሽታ ተይዘው ሦስቱ ሞቱ፤ ኤሚል ቫን ኤርመንጌም የተባለው ሊቅም ከሥጋው ውስጥ በሽታ አምጪውን ባክቴሪያ ለይቶ አወጣ። በሽታው ቦቱሊዝም ይባላል፤ ስሙም በላቲን ቋሊማ ማለት ከሆነው ቃል የወጣ ነው። ይህ ባክቴሪያ አየር በሌለበት፣ እርጥበት ባለበት፣ ጨውና ኮምጣጣነት በሚያንስበት ስፍራ ይራባል። በአንጀት ቆዳ ወይም በቆርቆሮ ውስጥ የታሸገ እርጥብ ሥጋ እንግዲህ ለእርሱ የተመቸ ቤት ነው። መርዙ ከሚታወቁት መርዞች ሁሉ የበረታ ነው፤ የተመረዘው ሥጋም ሁልጊዜ ሽታው አይለወጥም። ናይትራይት ይህን ባክቴሪያ እንዳይራባ ያግደዋል። የጥብስ ቅጠል በሚበላ መጠን ሲጨመር በዚህ ረገድ የናይትራይትን ስፍራ አይተካም። አንዳንድ የቅመም ዘይቶች፣ ለምሳሌ የጦስኝ ዘይት፣ በሳሕን ላይ ባክቴሪያ ሲገድሉ ይታያሉ፤ በስባም ሥጋ ውስጥ ግን ኃይላቸው በስቡ ተውጦ ይደክማል፤ እስኪበቃ ይጨመር ቢባል ደግሞ ሥጋው መድኃኒት መድኃኒት ይላል እንጂ አይበላም።

ስለዚህ ነገሩን በሚዛን የመረመሩት መንግሥታት ናይትራይቱን በአንድ ጊዜ አላጠፉትም፤ ልኩን ዝቅ አደረጉት። ዴንማርክ ከቀሩት የአውሮፓ አገሮች ቀድማ ለብዙው ዐይነት ሥጋ በ1 ኪሎ 60 ሚሊግራም ብቻ እንዲጨመር ወስና ኖራለች። የአውሮፓ ኅብረትም ለብዙው ዐይነት 150 ሚሊግራም የነበረውን ልክ በ2023 ባወጣው ደንብ ቀንሶ፣ ሥጋ ሠሪዎች ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ በአዲሱ ልክ እንዲሠሩ አድርጓል። አንሴስ የተባለው የፈረንሳይ የምግብና የጤና ጥበቃ መሥሪያ ቤት በጁላይ 2022 ባወጣው መግለጫ፣ ናይትራይት በተቀነሰ ቁጥር የመሸጫው ቀን ማጠርና ሌላው ጥንቃቄ ሁሉ መጨመር እንደሚገባው አሳስቧል። ነገሩ የሒሳብ ነገር ነው፤ ከአንዱ ወገን የተቀነሰ ጥበቃ በሌላው ወገን መተካት አለበት።

ይኸው መሥሪያ ቤት አንድ የገበያ ዘዴንም አጋልጧል። «ናይትራይት ያልተጨመረበት፣ የተፈጥሮ» ተብሎ በውድ ዋጋ የሚሸጠው ሥጋ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በሰለሪ ወይም በሌላ አትክልት ዱቄት ነው። ሰለሪ ከመሬቱ ብዙ ናይትሬት ይስባል፤ ናይትሬቱ በባክቴሪያ ወደ ናይትራይት ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ በሥጋው ውስጥ የሚሠራው ከፋብሪካ የመጣው ናይትራይት የሚሠራውን ነው፤ ጥቅሙም ጉዳቱም ያው ነው። ሥጋው ከቅጠል የመጣ ይሁን ከጆንያ የመጣ አያውቅም። ልዩነቱ የጆንያው በግራም የተለካ መሆኑ፣ የቅጠሉ ግን እንደ መሬቱና እንደ ማዳበሪያው መለዋወጡ ነው። ይህ የንግድ ብልኃት እንጂ የጤና ጥበቃ ሊባል አይገባውም።

ናይትራይት ፈጽሞ ሳይነካው በደኅና የሚቆይ ሥጋ አለ፤ የሚጠይቀውም ዋጋ ጊዜና ድርቀት ነው። የጣልያኑ የፓርማ ጭን ከ1993 ጀምሮ ናይትራይትም ናይትሬትም ሳይገባበት በጨው ብቻ ከዓመት በላይ በነፋስ እየደረቀ ይሠራል። ቋንጣም በዚሁ ወገን ነው። የተዘለዘለው ሥጋ ቀጭን በመሆኑ ጨው እስከ መካከሉ ይደርሳል፤ ነፋሱ ውኃውን ይወስዳል፤ አየር ስለሚዞረው የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ቦታ አያገኝም። በርበሬውና ቅመሙ ደግሞ የቀረውን ጥቂት ስብ ከክርፋት ይጠብቁታል። ናይትራይት የሌለበትን ቋንጣ ለመልኩ ማማር ሲባል በናይትራይት አቅልቶ መሸጥ ከፍ ያለ ስሕተት ነው። ሆኖም ቋንጣን ፍጹም ንጹሕ ነው ብሎ ማመስገንም አይገባም፤ በሊዮን የተሰበሰቡት ሊቃውንት የደረቀ የበሬ ሥጋን ከተዘጋጀ ሥጋ ወገን ቈጥረውታል፤ ቀይ ሥጋ በውስጡ ያለው ብረት ብቻውን በአንጀት ውስጥ ናይትሮዞ ውሑድ እንዲፈጠር ያግዛል።

በቋንጣ ላይ ዛሬ የመጣው አዲስ አደጋ ግን ከአስተሻሸጉ ነው። ቀድሞ ቋንጣ በስልቻ ወይም በጨርቅ ይቀመጥ ነበር፤ አሁን ለባሕር ማዶ ዘመድ ሲባል አየሩ በመኪና ተመጥጦ በፕላስቲክ ይታሸጋል። (ሥጋ ወደ ብዙ አገሮች ማስገባት የተከለከለ መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው።) ሥጋው እስከ ልቡ ካልደረቀ፣ ይህ እሽግ አየር የሌለበት እርጥብ ቤት ሆነ ማለት ነው፤ ይኸውም ኬርነር ያየው የቋሊማ አንጀት ነው። የደረቀ ቋንጣ ሲያጥፉት ይሰበራል፤ እንደ ጠፍር የሚተጣጠፍና በመካከሉ ለስላሳ ቀይ ሥጋ የሚያሳይ ከሆነ ገና አልደረቀምና አይታሸግ። በክረምት ወራት በእርጥብ አየር የሚሰቀል ቋንጣ ደግሞ ከመድረቁ በፊት ስለሚሻግት፣ ለዚህ ሥራ በጋው ይመረጣል። ከዚህ ሁሉ ጋር ቅጠልም ጨውም የእንስሳት ሐኪምን ዓይን እንደማይተኩ መታወቅ አለበት፤ የኮሶ ትል ያለበት ሥጋ መለየት ያለበት በቄራ ነው እንጂ በቅመም ተሸፍኖ መታለፍ የለበትም።

ወደ ገበሬው ስንመለስ ነገሩ የገቢ ጉዳይ ነው። የጥብስ ቅጠል ድርቅን የሚታገሥ፣ ድንጋያማ መሬት የማይንቅ፣ አንድ ጊዜ ከተተከለ ለብዙ ዓመት የሚታጨድ ቍጥቋጦ ነው፤ ከቁርጥራጭ ግንዱ ይራባል። በወንዶ ገነት የሚገኘው የእርሻ ምርምር ማዕከል በዚህና በሌሎች መዓዛማ ዕፀዋት ላይ ሲሠራ የቆየ ስለ ሆነ፣ ዘር የሚፈልግ ገበሬ ከየት እንደሚጠይቅ የግብርና ሠራተኛው ሊነግረው ይችላል። በደጋው ተራራ የሚበቅለው ጦስኝና በየጓሮው ያለው ኮሰረትም ምርመራ የሚገባቸው ናቸው። ጦስኝን ግን ከነሥሩ እየነቀሉ ለገበያ ማውረድ ተራራውን ያራቁተዋል፤ ማጨድ እንጂ መንቀል አይገባም።

ለሥጋ ሥራ የሚሆን ቅጠል ለወጥ ከሚሆነው ይልቅ ንጽሕና ይጠይቃል፤ ብዙዎች የሚስቱት በዚህ ነው። በመሬት ላይ ተሰጥቶ የደረቀ ቅጠል ከአፈሩ የባክቴሪያ ዘር ይዞ ይመጣል፤ ይህ ዘር በመፍላት እንኳ በቀላሉ አይሞትም፤ እርጥብ ሥጋ ውስጥ ሲገባም ይነቃል። ሥጋን ያድናል የተባለው ቅጠል እንዲህ ከሆነ በሽታውን ራሱ ይዞት ይገባል። በርበሬም እንዲሁ ነው፤ በእርጥብ መሬት ላይ ተሰጥቶ ከሻገተ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ይይዛል፤ ይህም ጉበትን ይጎዳል፤ በመቁላትም አይጠፋም። ቅጠሉም በርበሬውም ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ወይም ሸራ ላይ መድረቅ አለባቸው፤ ቅጠሉም መዓዛው እንዳይተን በጥላና በነፋስ ይሁን። ጭማቂ የሚያወጡ ፋብሪካዎች የሚከፍሉት በቅጠሉ ክብደት ብቻ ሳይሆን በውስጡ ባለው የካርኖሲክ አሲድ መጠን ጭምር ስለ ሆነ፣ በጥንቃቄ የደረቀ ቅጠል ዋጋውን ያገኛል።

ሥጋ ሠሪው ደግሞ ከሁለቱም ጫፍ ሊጠበቅ ይገባዋል። በእርጥብ ሥጋ ላይ ናይትራይትን ጨርሶ መተው ለፎካሪው ካልሆነ ለአስተዋዩ አይሆንም፤ እንዳሻው መጨመርም እንዲሁ። የሚበጀው ልኩን በሚዛን ዝቅ አድርጎ፣ ከእርሱ ጋር ቫይታሚን ሲንና የጥብስ ቅጠልን ጭማቂ መጨመር፣ ሥጋውን ከቄራ እስከ መደብር በቅዝቃዜ መጠበቅና የመሸጫውን ቀን ማሳጠር ነው። መብራት በሚቋረጥበት ሰፈር ያለ ሱቅ ይህን ቅዝቃዜ ሊጠብቅ ካልቻለ፣ እርጥቡን ቋሊማ ትቶ ደረቁን ቋንጣ ቢሸጥ ይሻለዋል። በላተኛውም በበኩሉ ቋሊማውን ጠርዙ እስኪከስል አይጥበስ፤ ናይትሮዛሚን የሚበዛው በኃይለኛ እሳት ላይ ነውና።

የባለሥልጣኑ ሥራ ከሁሉ ይቀድማል። ንጹሕ ናይትራይት ነጭ ሆኖ ከገበታ ጨው የማይለይ ነገር ነው፤ በስሕተት በእፍኝ ከተጨመረ ደም ኦክሲጅን እንዳይሸከም አድርጎ ሰው ይገድላል። የአውሮፓ ኅብረት ለምግብ የሚሆነው ናይትራይት ከብዙ ጨው ጋር ተደባልቆ ካልሆነ እንዳይሸጥ ያዘዘው፣ በአሜሪካም ድብልቁ በቀይ ቀለም የሚነከረው ስለዚህ ነው። ለየሥጋ ሠሪው የሚደርሰው ናይትራይት ሁሉ እንዲህ አስቀድሞ የተደባለቀና በቀለም የተለየ ብቻ እንዲሆን፣ በእሽጉም ላይ መጠኑ በአማርኛና በየክልሉ ቋንቋ እንዲጻፍ ማድረግ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ከብዙ ምርምር አስቀድሞ ሊፈጸም የሚችል ሥራ ነው። «የተፈጥሮ» የሚለውም ቃል በሥጋ እሽግ ላይ የሚጻፈው፣ የመጣበት ምንጭ ሰለሪም ቢሆን በውስጡ ያለው ናይትራይት በላቦራቶሪ ተለክቶ ከቃሉ አጠገብ በቁጥር ሲሰፍር ብቻ መሆን አለበት።